ሩሯ ቦይ ውስጥ ስትገባ

ዲላ፣ የካቲት 3 ቀን 1989 ዓ.ም.

ለልጄ ለፈትለወርቅ

ደብዳቤሽ በአሥራ አንድ ቀኑ ደረሰኝ። ከሁሉ በፊት ጤናዬን መጠየቅሽን አልረሳውም። ደረቴ እዚህ ከመጣሁ ወዲህ ትንሽ ለቀቅ አድርጎኛል፤ የእንጦጦ ብርድ ነበር የሚጎዳኝ። ልጄ የማርያምወርቅ በሆስፒታል ተረኛ ስትሆን ቤት ጠባቂው እኔ ነኝ። ሳልሰናበትሽ በመሄዴ ይቅርታሽን እለምናለሁ። መኪና በድንገት ተገኘና ነው።

ጠበቃው ድሬዳዋ ያደገ ነው፣ ገና ሲጫወቱ አይቶ አያውቅም፣ አጨዋወቱን ለዳኛ በሚገባ መልክ ይጻፉልን ብለሻል። ለዳኛ እንዴት እንደሚጻፍ አላውቅም። ለሕፃን እንደሚነገር አድርጌ ጽፌዋለሁ።

ገና የሚጫወቱት በሜዳ ነው። እኛ ከእንጦጦ ማርያም ቁልቁል ባለው ሜዳ እንጫወታለን፤ ርዝመቱ ሦስት መቶ እርምጃ ያህል ነው። በአንድ ጎኑ የጎርፍ ቦይ አለ፣ ከቦዩ ወዲያ ባሕር ዛፍ። ተጫዋቹ ሁሉ ጫፉ የታጠፈ ዱላ ይይዛል። ኳሷ ሩር ትባላለች፤ ከወይራ ሥር የተጠረበች፣ ጡጫ የምታህል ናት። በእጅ አትነካም፣ በእግር አትመታም። በዱላ እየገፉ ወይም እየመቱ ከተጋጣሚው ጀርባ ያለውን መስመር ካሳለፏት ግብ ነው። ከዚህ ሌላ ምሥጢር የለውም። ይህ ካልገባው ሌላ ጠበቃ ፈልጊ።

ወገን የሚለየው እንዲህ ነው። ሁለት አለቆች ይቆማሉ። የቀሩት እኩያ ከእኩያው ጋር ሁለት ሁለት እየሆኑ ገለል ይሉና ስም ያወጣሉ፤ አንዱ ጥድ ይሆናል፣ ሌላው ዝግባ። ተመልሰው "ጥድ ወይስ ዝግባ?" ይላሉ። አለቃው ስሙን ይመርጣል እንጂ ሰውየው የትኛው እንደሆነ አያውቅም። አንዱ ወደዚህ፣ አንዱ ወደዚያ ይሄዳል። ስለዚህ አብረው ስም የሚያወጡ ጓደኛሞች በአንድ ወገን ተሰልፈው አያውቁም። ወንድምሽ ተክሌና አምሃ ከአሥራ አምስት ዓመታቸው ጀምሮ አብረው ስም ሲያወጡ ኖረዋል። ሁልጊዜ ተጋጣሚ የነበሩት ስለሚዋደዱ ነው። ይህን ለጠበቃው አስረጂው።

ጨዋታውን የሚያስቆም አንድ ሰው አለ፤ የሜዳ አባት እንለዋለን። እኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሠርቼበታለሁ። ሩሯ ከሜዳ ስትወጣ "ቁም!" ይላል። ያን ጊዜ ሁሉም ዱላውን መሬት ላይ ያስቀምጣል፤ ይዞ መቆም እንኳ አይፈቀድም። በጨዋታ መካከል የተመታ ሰው ቢሰበርም ቢደማም ካሳ አይጠይቅም፣ ቂም አይይዝም። ቁም ከተባለ በኋላ የተመታ ግን መንገድ ላይ እንደተመታ ሰው ነው።

አምሃ የተመታው መቼ ነው ላልሽው፣ ጥር 3 ቀን ለፖሊስ ቃሌን ሰጥቻለሁ። ከዚያ የምጨምረው የለኝም። ተክሌ እንዴት ነው? ምግብ ይበላል? በመሥሪያ ቤት ስለተጣሉበት ነገር ጠይቀውታል?

አካሉ


አዲስ አበባ፣ ፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ የካቲት 19 ቀን 1989 ዓ.ም.

ለአባባ አካሉ

ደረትዎ ስለተሻለው ደስ ብሎኛል። የማርያምወርቅንም ሰላም ይበሉልኝ። የጻፉትን ለጠበቃው ሰጠሁት። ሁለት ጊዜ አነበበውና ሳቀ፤ "ሌላ ጠበቃ ፈልጊ" የሚለውን ለፍርድ ቤት አላቀርብም አለ። ከገና ወዲህ ሰው ሲስቅ ያየሁት ያን ቀን ነው።

ተክሌን ሐሙስና እሑድ አየዋለሁ። ከስቷል። ምግቡን ይበላል ይሉኛል፤ ሲበላ አላየሁም። አዎ፣ የመሥሪያ ቤቱን ነገር ዐቃቤ ሕጉ ያውቃል። መስከረም ላይ በግምገማ አምሃ ተነስቶ ተናገረበት፤ ተክሌም ከሥራ ወጣ። ከዚያ በኋላ ግን እኛ በረንዳ ላይ አብረው ካርታ ሲጫወቱ በዓይኔ አይቻለሁ። ይህንንም ለፖሊስ ተናግሬያለሁ።

ጠበቃው የነገረኝን ልጻፍልዎ። አምሃ የተመታው ሩሯ በጨዋታ ላይ እያለች ከሆነ፣ ነገሩ በቸልተኝነት ሰው መግደል ነው፤ ሁለት ዓመት፣ ቢበዛ ሦስት። ቁም ከተባለ በኋላ ከሆነ አስቦ መግደል ነው። ያን ጊዜ ወንድሜ ሲወጣ እኔ አሮጊት ነኝ። ፋይሉ ውስጥ ከሁሉ የሚከብደው የእርስዎ ቃል ነው፦ "ሩሯ ቦይ ስትገባ ቁም ብያለሁ፤ ተክሌ የመታው ከዚያ በኋላ ነው።" ተክሌ ቁም ሲባል አልሰማሁም ይላል። አሥራ አንድ ሰው ተጠይቋል። አምስቱ ሰምተናል አሉ። ከአምስቱ ሦስቱ ድምፅዎን የሰሙት አምሃ ከመውደቁ በፊት ይሁን በኋላ እንደማያስታውሱ አስመዝግበዋል።

ቀጠሮው መጋቢት 26 ነው። ይምጡና ዳኛ ፊት ይናገሩልኝ። ያን ቀን ነፋስ ነበረ፣ ሕዝቡም ይጮህ ነበር። "ብያለሁ፣ ግን ላይሰማ ይችላል" ቢሉ ውሸት አይሆንም።

እትዬ አገርነሽ በእኛና በእሳቸው ግቢ መካከል ያለውን በር ዘግተውታል። ልጃቸው በሦስተኛው ቀን ሲሞት አብሬያቸው መሬት ላይ ተቀምጬ ነበር። "የገና ነገር ነው፤ በተክሌ አልቀየምም" ብለውኛል፣ በሰው ፊት። በሩን የዘጉት የእርስዎ ቃል ከተሰማ በኋላ ነው።

ፈትለወርቅ


ዲላ፣ መጋቢት 7 ቀን 1989 ዓ.ም.

ለልጄ ለፈትለወርቅ

መልሴ ስለዘገየ አትቀየሚኝ። እዚህ ዝናቡ ገብቷል፣ ደረቴም ተመልሶ ያዘኝ። ሐኪሙ መንገድ ይቅርብህ ብሎኛል። የማርያምወርቅ ይህን ራሷ ልትጽፍልሽ ነበር፤ እኔ ነኝ ተይው ያልኳት። መጋቢት 26 መምጣት አልችልም።

የነፋሱን ነገር እንደጻፍሽው ብል ደስ ባለኝ። ነፋስ አልነበረም። ቅጠል አይነቃነቅም ነበር። ከወረዳው የመጣው እንግዳ ለፎቶግራፍ የተመቸ ቀን ነው እያለ ካሜራውን አንግቶ ሲዞር አንቺም ሳታይው አትቀሪም። አላየሽውም ለካ፤ እቤት ነበርሽ።

በ1951 ገና እኔም ትከሻዬን ተሰብሬያለሁ። የሰበረኝ ሰው ስድስት ሳምንት ሙሉ እየመጣ ጠየቀኝ፣ በኋላም ሚዜዬ ሆነ። ደንቡ የሚሠራው እንዲህ ነው። ደንቡ ከሌለ ዱላ የያዘ ሠላሳ ወንድ አንድ ሜዳ ላይ ማዋል እብደት ነው።

በፊተኛው ደብዳቤዬ ያልጻፍኩት አንድ ደንብ አለ። ጠበቃው ስላልጠየቀ ነው። የሜዳ አባት ሰው ነውና ሩሯ ስትወጣ ላያይ ይችላል። ያን ጊዜ ያየ ተጫዋች ዱላውን በሁለት እጁ ይዞ ከራሱ በላይ ቀጥ አድርጎ ያነሳል። ወጥታለች ማለት ነው። ለወገኑ ቢጎዳም ያነሳል፤ ያነሳ ሰው ይከበራል። የተነሳ ዱላ ያየ ሁሉ የራሱን መሬት ያስቀምጣል። ቁም እንደተባለ ይቆጠራል።

ይህን የምጽፍልሽ አጨዋወቱ እንዲሟላ ነው።

ተክሌ የሆነውን ሁሉ ነግሮሻል? ሁሉንም?

አካሉ


ፈረንሳይ፣ መጋቢት 28 ቀን 1989 ዓ.ም.

ለአባባ አካሉ

ከትናንት በስቲያ ስምዎ ሦስት ጊዜ ተጠራ። የሐኪም ወረቀትም አልደረሰም። ዳኛው ለሰኔ 5 ቀጠሩት፤ እስከዚያ የጽሑፍ ማስረጃ ያለው ወገን ያቅርብ ተብሏል። ተክሌ ሲያስወጡት ዞሮ በሩን ያይ ነበር። የመጡ መስሎት ይሆናል።

ተክሌ የነገረኝ አልሰማሁም ማለቱን ብቻ ነው። ሌላ ነገር ካለ እሱ አልተናገረም፣ እርስዎም አልተናገሩም፤ እኔ ከሁለታችሁ መካከል ሆኜ እየገመትኩ መኖር ሰልችቶኛል።

እኔ የማውቀውን ልንገርዎ። ሴት ስለሆንኩ ዱላ አልያዝኩም እንጂ ከልጅነቴ ጀምሮ ሜዳው ዳር ቆሜ አይቻለሁ። ድምፅዎን ከመቶ ሰው መካከል እለየዋለሁ። ያን ቀን ግቢ ውስጥ ልብስ አሰጣ ነበር። "ቁም!" ሲሉ ሰማሁ፣ አንድ ጊዜ። ወዲያው የሴቶች ጩኸት ተከተለ። በሁለቱ መካከል አንዲት ቅጽበት እንኳ አልነበረችም። ሰው ቁም ሰምቶ፣ ዱላውን አንስቶ፣ መትቶ፣ የተመታው ወድቆ፣ ሴቶቹ አይተው እስኪጮሁ ድረስ ያለው ጊዜ የት ሄደ?

አንድ ጥያቄ ነው ያለኝ። ቁም ያሉት ከመመታቱ በፊት ነው ወይስ በኋላ? ስለ ደረትዎና ስለ ዝናቡ ሳይጽፉ ይህን ብቻ ይመልሱልኝ። ይምጡም።

ፈትለወርቅ


ዲላ፣ ሚያዝያ 14 ቀን 1989 ዓ.ም.

ፈትለወርቅ

ሰሙነ ሕማማት ስለሆነ ሰላምታ የለም። ባይሆንም ለዚህ ደብዳቤ ሰላምታ አይስማማውም።

በኋላ ነው።

ሩሯ ቦይ ስትገባ አይቻለሁ። ከቆምኩበት አሥር እርምጃ አይሆንም። አምሃ ተከትሏት ወረደ፣ ተክሌ ደርሶ ከአፋፉ በታች ቆመ። ሌሎቹ ገና ከወዲያኛው ግብ እየሮጡ ነበር። ሩሯ ወጥታለችና ቁም ማለት ነበረብኝ። ቃሉ አፌ ውስጥ ነበር። ትንሽ ይቆይ አልኩ። ጨዋታው አምሮ ነበር። በዚህ ሦስት ዓመት ወጣቱ የገናን ቀን ቴሌቪዥን ፊት መዋል ጀምሮ፣ ሜዳው እየሳሳ ነበር፤ ያን ዕለት ግን ሰው ከቀበናም ከኮተቤም መጥቶ ዳሩን ሞልቶታል። እንግዳው ካሜራውን ወደ ቦዩ አዙሯል። ሕዝቡ ሲጮህ ደስ አለኝ። ሌላ ምክንያት ፈልጌ አጣሁ። ደስ ስላለኝ ነው ዝም ያልኩት።

ቁም ያልኩት አምሃ ከወደቀ በኋላ ነው። አንቺ ልብስ ስታሰጪ የሰማሽው እሱን ነው።

ጥር 3 ቀን ፖሊሱ "ቁም ብለው ነበር?" አለኝ። አዎ አልኩ። "ከመመታቱ በፊት?" አለኝ። በፊት አልኩ። ሰው በሜዳዬ ላይ ሞቶ፣ ማስቆም ሲገባኝ ቆሜ አየሁ ማለት አልሆነልኝም። በዚያው ሰሞን ወንድምሽ ታሰረ። እኔም አገርነሽ ቤት ለቅሶ ገብቼ ሁሉም እያከበረ ወንበር ሲለቅልኝ መቀመጥ አቃተኝ። በሦስተኛው ቀን መኪና ፈልጌ ሄድኩ። ደረቴ አይደለም ያስመጣኝ። የማርያምወርቅ አሁንም የምታውቀው ስለ ደረቴ ነው።

እንግዲህ ፖሊስ ዘንድ ያለው ቃሌ ሐሰት ነው። ከዚህ በታች ፈርሜያለሁ። ለጠበቃው ስጪው።

አካሉ

እስከዚህ ሁለት ወረቀት ሞላ። ጨርሻለሁ ብዬ አጥፌው ነበር። ሦስተኛውን ወረቀት የጀመርኩት በማግስቱ ነው።

እኔ ዝም ስል ተክሌ ዞሮ አየኝ። ቁም እስክል ይጠብቅ ነበር መሰለኝ። ሳልል ስቀር፣ ደንቡ እንደሚያዝዘው ዱላውን በሁለት እጁ ከራሱ በላይ አነሳ። ትክክል ነበር። በዚያች ሰዓት የሜዳ አባት እሱ ነበር፣ እኔ አልነበርኩም። ሦስት እስኪቆጠር ያህል ዱላውን እንዳነሳ ቆየ። ከዚያ አወረደው። ሩሯ ከአምሃ ሁለት ክንድ ርቃ ነበር። የሰነዘረው ለሩሯ አልነበረም። አፋፉ ስለከለላቸው ሌላ ያየ ሰው የለም፤ እንግዳውም ፊልሙ አልቆበት ይቀይር ነበር።

ለእኔ የከበደኝ ሁለተኛው ወረቀት ነው። ላንቺ ይህኛው እንደሚከብድ አውቃለሁ። ይምጡ ብለሻል። አሁንም ና ካልሽኝ እመጣለሁ።

አካሉ


ፈረንሳይ፣ ሚያዝያ 28 ቀን 1989 ዓ.ም.

ለአባባ አካሉ

ደብዳቤዎ የደረሰኝ በፋሲካ ማግስት ነው። ሁለቱን ወረቀት ለጠበቃው ሰጠሁት። አንብቦ ሲጨርስ ተነስቶ ጨበጠኝ። ፊርማዎ ስላለበት በጽሑፍ እናቀርበዋለን፣ ዐቃቤ ሕጉ የሚተማመንበት ነገር አይቀረውም አለኝ።

ሦስተኛው ወረቀት እኔ ጋ ነው።

እሑድ ተክሌን ጠየቅሁት። ዱላህን አንስተህ ነበር ወይ አልኩት። "ሹራቡን አመጣሽልኝ?" አለኝ። አምጥቼለት ነበር። ለበሰው። ከዚያ ስለ ጣሪያው፣ ክረምት ሳይገባ ቆርቆሮው ስለመቀየሩ አወራን። ሰዓቱ አለቀ።

እናታችን ስትሞት ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። እኔ አሥራ ሰባት። የቀረውን እርስዎ ያውቁታል፤ ሰፈሩም ያውቀዋል።

እንዲመጡ ደጋግሜ ለምኜዎታለሁ። አሁን እንዳይመጡ እለምንዎታለሁ። መጥሪያ ቢደርስዎ የሐኪም ወረቀት ይላኩ። የጻፉልኝን ለማንም አይድገሙት። ደረትዎን ይጠብቁ።

ፈትለወርቅ


ፈረንሳይ፣ ግንቦት 6 ቀን 1989 ዓ.ም.

ለአባባ አካሉ

ለእትዬ አገርነሽም እንደጻፉ አልነገሩኝም።

ከዲላ የመጣ የቡና መኪና ሾፌር ዓርብ ዕለት አድርሶላቸዋል። ቅዳሜ ጧት የግቢያችን በር ተንኳኳ። ስከፍተው ፖስታውን ይዘው ቆመዋል። የቀበሌ ወረቀትም የጡረታ ወረቀትም ሲመጣ የማነብላቸው እኔ ነበርኩ፤ ይህን ግን ያመጡልኛል ብዬ እንዴት ላስብ። ቄሱ ቢያነቡልዎ አይሻልም ወይ አልኳቸው።

"ቄሱ አዝንላታለሁ ብለው እየዘለሉ ያነቡልኛል" አሉ። "አንቺም ትዘይ ይሆናል። ያንቺን ፊት ግን ከልጅነትሽ ጀምሮ አውቀዋለሁ። ፊትሽን እያየሁ እሰማለሁ።"

ገብተው ተቀመጡ። ፖስታውን ከፈትኩት። ለእኔ የጻፉትን ቃል በቃል ገልብጠውታል፤ ሦስት ወረቀት።

ሁለቱን አነበብኩ። ደስ ብሎኝ ዝም አልኩ ያሉበት ላይ ስደርስ "እሰይ፣ ሽማግሌ" አሉ፣ ቀስ ብለው። ፊርማዎ ላይ ስደርስ ቆምኩ። ወረቀቱን ማጠፍ ጀምሬ ነበር መሰለኝ።

"አለቀ?" አሉኝ።

አላለቀም አልኳቸው። አነበብኩት።

ደግ ሆኜ አይደለም አባባ አካሉ። እያዩኝ ስለነበረ ነው።

ተክሌ ዱላውን ያነሳበትን እንድደግም አዘዙኝ። ደገምኩ። "አምሃ አይቶት ነበር?" አሉ። አልተጻፈም አልኳቸው። "ጠይቂልኝ" ብለው ወረቀቶቹን ተቀበሉኝ፤ መቀነታቸው ውስጥ ከተው ሄዱ። ለፍርድ ቤት ይሰጡት እንደሆነ አልነገሩኝም፣ እኔም አልጠየቅሁም።

ሰኞ ሦስተኛውን ወረቀት ለጠበቃው ወሰድኩለት። ይህን ማን ጠየቀሽ ብሎ ተቆጣ። እናትየው ጋ አለ፣ እኔው አንብቤላቸዋለሁ አልኩት። ሰኔ 5 ለእርስዎ መጥሪያ ይወጣል፤ ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት የሚባል ነገር አላውቅም አለኝ። ነገ ሐሙስ ነው። ለተክሌ እነግረዋለሁ።

ስለዚህ እንዳይመጡ ያልኩትን ይተዉት።

እትዬ አገርነሽ የሚፈልጉት አንድ መልስ ነው። ከሌላው ሁሉ አስቀድመው ይጻፉልን። ልጃቸው ዱላው ሲነሳ አይቷል፣ ወይስ ጀርባውን ሰጥቶ ነበር?

ፈትለወርቅ


ዲላ፣ ግንቦት 22 ቀን 1989 ዓ.ም.

ለልጄ ለፈትለወርቅ

አይቶታል። ከቦዩ ውስጥ ቀና ብሎ አየውና የራሱን ዱላ ሣር ላይ አስቀመጠ። እጁ ባዶ ነበር። በሦስቱ ወረቀት ያልጻፍኩት ይህን ነው፤ እናቱ እንዳትጠይቀኝ ስለፈለግሁ።

ይህን አታንብቢላት። የአንቺ ሥራ አይደለም። መጥሪያውን ሳልጠብቅ ሰኔ 3፣ ማክሰኞ፣ ከዚህ በሚነሳው የመጀመሪያ አውቶቡስ እመጣለሁ። የማርያምወርቅ ነገሩን አሁን ታውቃለች፤ ትኬቱን የቆረጠችው እሷ ናት። ረቡዕ ጧት በቀጥታ የምሄደው አገርነሽ ቤት ነው። ፊቴን እያየች ትስማኝ። ነግሬያት እስክወጣ ድረስ አንቺ መሥሪያ ቤትሽ ቆዪ።

አካሉ